ዘይነባና የጓጉንቸሩ ክርክር

በ2008 ዓ.ም. ስልሳ ሰባት ዓመቴ ነበር። ቡራዩ ላይ፣ ከአስፋልቱ ወደ ታች በሚወርደው የኮብልስቶን መንገድ ዳር ቁልፍ እቀርጽ ነበር። ያለኝ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሞርሳና አምስት ሞረድ ነው። ጠረጴዛዬን ያስጠጋሁት የዘይነባ የኮምፒውተር ሱቅ ግድግዳ ላይ ነበር። ኪራይ ጠይቃኝ አታውቅም፤ እኔም ቁልፏን በነጻ እቀርጽላት ነበር።

ባለፈው ሳምንት መሞቷን የነገረችኝ የሰበታዋ እህቷ ሐቢባ ናት። በስልክ ነው የነገረችኝ። «አባባ ገለታ፣ ዘይኔ አረፈች። ቀብሯም ትናንት ነበር» አለችኝ።

«ትናንት? ለምን ትናንት አልነገርሽኝም?» ብዬ ተቆጣሁ።

«ትናንት ስቀብር ነበር» አለች። መልስ አያጡም፣ ሁለቱም እህትማማቾች።

ስልኩን ዘጋሁ። ተቀመጥኩ። ተነሣሁና በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ይኸው ሳምንት ሆነኝ፣ አንድ ቦታ አልረጋ ብያለሁ። ስበላ እነሣለሁ፣ ስተኛ እነሣለሁ። ስለዚህ ደብተር ገዛሁ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ቃል ከሳትኩ አንባቢ ያርመው፤ ነገሩን ግን አልስትም።

ዘይነባ ያኔ አርባ አልሞላትም። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሻርፗን ከአገጯ ሥር በመርፌ የምታስይዝ፣ ጣቷ የማያርፍ ሴት ነበረች። ማሽን እስኪነሣ ስትጠብቅ እንኳ ጠረጴዛውን ትደበድባለች። አባቷ ከስልጤ መጥተው ሰበታ ላይ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ ናቸው። ወንድሞቿ ጨርቁን ያዙ፣ እሷ ኮምፒውተር ያዘች። ኦሮምኛዋ ከእኔ ልጆች ይሻላል። ጠዋት ስትመጣ እንዴት አደሩ ለማለት «አካም ቡልተን፣ አባባ?» ትለኛለች። «ነጋ»፣ ሰላም፣ እላታለሁ። ካልተጣላን ነው ታዲያ። ብዙ ጊዜ እንጣላ ነበር።

ሱቋ ውስጥ ሁለት ማሽን አለ። አንዱ ዊንዶውስ ያለበት፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ማመልከቻ የሚጻፈው፣ ስካነሩም የተገጠመው በሱ ነው። ሁለተኛው የራሷ ነው፣ ሊኑክስ። «ክፍቷ» ትለዋለች። ለምን ክፍት እንዳለችው ብጠይቃት፣ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ጽሑፍ ለዓለም የተገለጠ ስለሆነ ነው አለችኝ። የፈለገ ያነበዋል፣ ያወቀ ያርመዋል፣ ማንም ለማንም ይሰጠዋል።

«ሌባስ?» አልኳት።

«ሌባም ያነበዋል።»

«እብድ ነሽ። አርባ ዓመት በቁልፍ ኖሬያለሁ። የጓጉንቸሬን ሆድ ለሌባ ከፍቼ ካሳየሁት ምኑን ቆለፍኩት?»

«እንግዲያው ጓጉንቸርዎ የሚቆልፈው ሌባው ሆዱን እስኪያይ ብቻ ነው። አንድ ቀን አንድ ሰው ፈቶ ያየውና ለጓደኛው ይነግራል፤ አለቀ። እኔ የምፈልገው ሌባው ሆዱን አይቶት፣ ሥዕሉንም ይዞ ሄዶ፣ ቁልፉ የኔ ኪስ ውስጥ ስላለ ብቻ የሚያቅተውን ነው።»

«እንዲህ ያለ ጓጉንቸር አልተሠራም።»

«ካልተሠራ ታዲያ እርስዎ ለሰው ሲሸጡ የኖሩት ምንድነው?»

ሦስት ቀን አላናገርኳትም። በአራተኛው ቀን እሷ ራሷ ሻይ ይዛ መጣች። ስኳር አልነበረበትም፤ ሆን ብላ ነው።

ደግሞ ሌላ አመል ነበራት። ወደ ኢንተርኔት የሚወጣበት ፕሮግራም፣ ብራውዘር የሚሉት፣ ቀዳዳ ተገኘበት ሲባል ወረቀት ጽፋ በሯ ላይ ትለጥፋለች። «በዚህ በዚህ በኩል ሌባ ይገባል፣ ያላደሳችሁ ኑ፣ በነጻ አድስላችኋለሁ» ይላል። «የራስሽን ዕቃ ገመና አደባባይ ታወጪያለሽ? ሌባ አያነብም ብለሽ ነው?» ብዬ ተሳለቅኩባት።

«ሌባማ ከሁሉ ቀድሞ ሰምቷል» አለችኝ፣ ማጣበቂያውን በጥርሷ እየቆረጠች። «ያልሰማው ባለቤቱ ነው።»

ሰው የታመመ ማሽን ይዞ ሲመጣ፣ ሳትነካው ሦስት ነገር ትጠይቃለች። ማን ሰጠህ? እሱስ ከየት አመጣው? እሺ ብለህ የተጫንከው ምኑን ነው? አንድ ቀን ከረባት ያሰረ ሰውዬ «እኔ ምንም አልነካሁም» አላት። «ማሽን ከሰማይ አይታመምም ጌታዬ» አለችው። ሰውዬው ተናደደ። እሷ ደግሞ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። በመጨረሻ የእህቱ ልጅ ዘፈን ብሎ የሰጠው ፍላሽ እንደነበረ አመነ። «ይኼን ቀድመው ቢነግሩኝ እስካሁን ቤትዎ ነበሩ» ብላ ሠራችለት።

ያ ዓመት ዕረፍት የሚሰጥ ዓመት አልነበረም። ማስተር ፕላኑ አዲስ አበባን ወደኛ ያሰፋዋል ተባለና ከሱሉልታ እስከ ሰበታ ገበሬው ተነሣ። ጎማ ነደደ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ልጆች ሞቱ። የማን ልጆች እንደሆኑ አልጽፍም፣ እናቶቻቸው አሉ። ጥር ላይ ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ። መሬት የሚለካው ሜትር ግን አልቀረም። ሱቅ ከፍተን ዓይናችን መንገድ ላይ ነው። ፉጨት ከሰማን እንዘጋለን፣ ዝም ካለ እንከፍታለን። በቀን ሦስቴ ጠረጴዛዬን አጥፌ ሦስቴ የዘረጋሁበት ጊዜ ነበር።

ኦቦ ደቻሳ አብሮ አደጌ ነው። የአባቶቻችን ማሳ ጎን ለጎን ነበር፤ እኔ ከተማ ገባሁ፣ እሱ እርሻው ላይ ቀረ። የአካባቢው ገበሬዎች መሬታችን ያለአግባብ ተለካ ብለው አቤት ሊሉ ተነሡ፤ ኅዳር ላይ ነው። እኛ ዘንድ አቤቱታ ሲኬድ ሰው ሁሉ ወረቀቱን አውጥቶ ለአንድ ሽማግሌ ያስረክባል። ለየብቻ ይዞ መሄድ ጎረቤትን አለማመን ነው። ሰባ አራት አባወራ የይዞታ ደብተሩን ለደቻሳ ሰጠ። ደቻሳ ሁሉንም በአንድ ማዳበሪያ ከረጢት ይዞ አቤቱታ ሊያስጽፍ ዘይነባ ጋ መጣ።

«ኦቦ ደቻሳ፣ ሳያስገቡት በፊት ልቅዳው» አለችው።

«ፎቶ ለሠርግ ነው» ብሎ ሳቀ።

«እንግዲያው እንደ ሠርግ ይቁጠሩት» አለችና ቀኑን ሙሉ ገጽ በገጽ ቀዳችው።

ደብተሮቹ የገቡበት ቢሮ በዚያው ሰሞን ተቃጠለ። ማን እንዳቃጠለው አላውቅም፤ እኔ ያየሁት ጭሱን ነው። ከዚያ ወዲያ የሰባ አራት ቤት ማስረጃ የዘይነባ ማሽን ውስጥ ያለው ሥዕል ብቻ ሆነ። አትሜ ልስጣችሁ ብትል፣ ቤታችን ቢፈተሽ ምን ይሉናል ብለው ፈሩ፤ እዚያው ይቀመጥልን አሉ።

ነሐሴ ላይ ማስታወቂያ ወጣ። ማስረጃ ያለው በሃያ ቀን ውስጥ ያቅርብ፣ የሌለው አይመዘገብም ይላል። ዘይነባ ከማተሟ በፊት ትርፍ ቅጂ ልያዝ ብላ ሌላ ዲስክ ዊንዶውሱ ላይ ሰካች። ቅጂው ሳያልቅ ሐቢባን ምጥ ያዛት ተባለ። እየሮጠች ወጣች። «አባባ ገለታ፣ ማሽኑ እየሠራ ነው። ማንም እንዳይነካው» ብላ ቁልፉን ሰጠችኝ።

በማግስቱ፣ ማክሰኞ፣ ማሞ መጣ። ማሞ ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው፤ የበኩር ልጄ የክርስትና አባት። ሴት ልጁ ቤሩት ናት። የሚያወሩት በኢንተርኔት ነበር፤ ያን ሰሞን ግን ሰው ከሰው የሚያወራባቸው ገጾች ሁሉ ተዘግተዋል። ከልጁ ድምፅ ከሰማ ሃያ ቀን ሆኖታል። ያኔ ሰው የተዘጋውን የሚከፍት ፕሮግራም፣ ቪፒኤን የሚሉትን፣ በፍላሽ እየያዘ ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበል ነበር። እንደ ጨው ነው የሚለመነው።

«አገኘሁት» አለኝ ማሞ፣ ፍላሹን በመዳፉ ይዞ።

«ከማን?»

«ከታክሲ ተራ። ሁሉም ሰው ያለው እኮ ነው። አምስት ደቂቃ ብቻ ገለታ፣ ድምፅዋን ልስማ።»

«ማንም እንዳይነካው ብላኛለች።»

«እኔ ማንም ነኝ?» አለ።

ይኼን ምን ትላለህ? ልጅህን ክርስትና ያነሣ ሰው እጁን ዘርግቶ ቆሞ፣ ዕቃህን አላምነውም ይባላል? እኛ አገር አይባልም። ከፈትኩለት። ፍላሹን የሰካሁት እኔ ነኝ፣ የሱ ዓይን ቀዳዳውን አላይ ብሎት። ማሽኑ አንድ ነገር ጠየቀ። ማሞ «እሺ በለው» አለኝ። እሺ አልኩት። ደግሞ ጠየቀ፤ ደግሞ እሺ አልኩት።

ቤሩት አልመጣም። የደብተሮቹ ሥዕሎች ስማቸው እየተለወጠ፣ እየጠፉ ሄዱ። ከዚያ ቀይ ገጽ ወጣ። እንግሊዝኛ አላውቅም፣ ቀይ ግን አውቃለሁ። ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀልኩት።

ማሞ ፍላሹን ነቅሎ ኪሱ ከተተ። «መብራት ሄዶ ነው እንላለን» አለ። እኔም አልተከራከርኩትም።

ዘይነባ መንገድ ተዘግቶባት ሐሙስ ነው የመጣችው። ኢንተርኔቱም በዚያው ጭራሽ ጠፍቷል። ማሽኑን አንድ ጊዜ ከፍታ፣ ቀዩን አይታ ወዲያው አጠፋችው። ወደኔ ወጣች።

«ማን ነካው?»

«ማንም።»

«ፍላሽ ይዞ የመጣ ሰው የለም?»

«መብራት ሄዶ መጣ፣ እንዲህ ሆነ። እኔ ምን አውቃለሁ?»

አየችኝ። ጣቶቿ ቆመው ነበር። እነዚያ ጣቶች ቆመው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ተመልሳ ገባች።

ነገሩ ተደብቆ ሁለት ቀን አልቆየም። አንዱ ተበላሸ አለ፣ ሌላው ጠፋ አለ፣ በሦስተኛው አፍ «ለደላላ ሸጠችው» ሆነ። ሰኞ ደቻሳ ስድስት ሰው አስከትሎ መጣ። የተናገረው ከኋላው ያለው ጎልማሳ ነው። «የመጣ ሰው ምን ቸገረው? ነገ ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል» አለ።

«መጤስ ነኝ» አለችው። «ከሰበታ፣ በታክሲ።»

ማንም አልሳቀም። እሷም አልሳቀችም። «ስሙኝ። ማሽኑ ውስጥ ፋይል የሚቆልፍ ተባይ ገብቷል። ትርፍ ዲስኩንም ሰክቼው ስለሄድኩ እሱንም በልቶታል። ሰክቼ የሄድኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ነገር ግን ሳይጨርስ ተነቅሏል፤ የተደመሰሰው ገና ከሥሩ ሊገኝ ይችላል። አምስት ቀን ስጡኝ።»

እኔ ከእነሱ በአራት እርምጃ ርቀት ቁልፍ እየሞረድኩ ነበር። ሞረዴን አላቆምኩም። ያ ቁልፍ አልገጠመም፤ ከልክ በላይ ሞርጄዋለሁ።

በሁለተኛው ቀን መስታወቷ በድንጋይ ተሰበረ። ስብርባሪውን ስታነሣ ረዳኋት።

የጠፋውን ፋይል የሚፈልገው መሣሪያ ክፍቷ ላይ አልነበረም። ከኢንተርኔት የሚወርድ ነው፤ ኢንተርኔት ደግሞ የለም። አዲስ አበባ መስመር ያለው አንድ ወዳጇ በሲዲ ገልብጦ በሚኒባስ ሾፌር ላከላት። ሲዲው ሦስት እጅ አልፎ ደረሰ። እኔ እፎይ አልኩ። እሷ ግን አልከፈተችውም። ስልክ አንሥታ ሐዋሳ መስመር ላለው ሌላ ሰው ደወለች። ሠሪዎቹ ለያንዳንዱ ፕሮግራም የጣት አሻራ የመሰለ ስልሳ አራት ፊደልና ቁጥር ያወጣሉ አለችኝ። ሐዋሳ ያለው ሰው ያን በስልክ አነበበላት፣ እሷ በወረቀት ጻፈችው። ከዚያ ማሽኗ ሲዲውን ለክቶ የራሱን ስልሳ አራት አወጣ።

«ያነጻጽሩልኝ። የኔ ዓይን ደክሟል» አለችኝ።

«ፈረንጅ ፊደል አላነብም።»

«ከኤ እስከ ኤፍ ስድስት ብቻ ነው። ሌላው ቁጥር ነው። የቁልፍ ጥርስ ነው ይበሉ።»

እንደ ጥርስ አየሁት። ሁለቱን መደዳ ጎን ለጎን አድርጌ፣ ኦሪጅናሉን ከቅጂው እንደማስተያይ። ገና ከመጀመሪያው ጀምሮ የተለያየ ነበር።

«አይገጥምም» አልኳት።

ሲዲውን አውጥታ ለሁለት ሰበረችው።

ጮህኩባት። «ሦስት ቀን ነው የቀረሽ። ሰው ድንጋይ እየወረወረብሽ፣ አንቺ ፊደል ትቆጥሪያለሽ። ምናልባት ትንሽ ነገር ነው የተበላሸው።»

«ትንሽም ቢነካ ሁሉም ጥርሱ ይለወጣል፤ እንደዚያ ነው የተሠራው። መንገድ ላይ ተጭሮ ይሁን፣ ሰው ነካክቶት ይሁን አላውቅም። የማላውቀውን ደግሞ ሰባ አራት ቤት ላይ አላስገባም።»

«የላከው ወዳጅሽ አይደለም?»

«ወዳጄ ነው» አለች። «ወዳጄን አምነዋለሁ። ሲዲውን ግን አላውቀውም።»

ወጥቼ ጠረጴዛዬ ጋ ተቀመጥኩ። እስከ ማታ አልተነሣሁም።

እንደገና ያስላከችው ሁለተኛው ሲዲ በሰበታ በኩል ዞሮ በሦስተኛው ቀን ደረሰ። ስልሳ አራቱንም አንድ በአንድ አየሁ፤ ጣቴን እያስኬድኩ፣ ሁለት ጊዜ። ገጠመ። «ገጥሟል» ስላት እንደ ልጅ አጨበጨበች። ከዚያ ዲስኩን ከታመመው ማሽን ፈትታ ክፍቷ ላይ ሰካችና ሥራ ጀመረች። ሥዕሎቹ አንድ በአንድ ከሥር ይወጡ ጀመር። የማውቀው ስም ሲወጣ ጮክ ብዬ እጠራለሁ፣ እሷ ታትማለች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስልሳ አምስት ሆነ። ከዚያ በላይ እምቢ አለ። ዘጠኙ ጠፍተዋል። ከዘጠኙ አንዱ የደቻሳ ነው። ስድስቱ ኋላ በጎረቤት ምስክር ተያዘላቸው፤ የደቻሳን ጨምሮ ሦስቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ዘይነባ የታተመውን አስተካክላ ፖስታ ውስጥ ከተተች። «ነገ ጠዋት ሄጄ እሰጣቸዋለሁ። ስለ ዘጠኙም እነግራቸዋለሁ» አለች።

«ምን ብለሽ?»

«የሆነውን ነዋ። ማሽኑ መዝግቦታል። ፍላሽ የተሰካው ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ነው። እኔ ያኔ ሐቢባ አልጋ አጠገብ ነበርኩ።»

«ማነው የሰካው ቢሉሽስ?»

«ማሽኑ ሰዓት እንጂ ሰው አይመዘግብም። እኔም በዓይኔ ያላየሁትን አልናገርም።»

«ግን ታውቂያለሽ።»

«አባባ ገለታ፣ ቁልፉ የነበረው አንድ ሰው ጋ ነው።»

ይኼን ስትል ቁጣ አልነበራትም። ቁጣ ቢኖራት ይሻለኝ ነበር፤ ቁጣን መመለስ እችልበታለሁ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሰበታ ከተመለስኩ ቀን።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? መስታወትሽ ተሰብሮ፣ ሌባ ተብለሽ?»

«ሰባ አራቱ ይቀድማሉ። ያን ቀን ብጮህብዎ እጅዎ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያን ሁሉ ፊደል ማን ያይልኝ ነበር?» አለችና ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። በሩን እኔ ቆለፍኩት።

በማግስቱ እሁድ ነበር። ዝናቡ ጠዋቱንም አላቆመም። ጠረጴዛዬን አልዘረጋሁም። እሷ ከመሄዷ በፊት ልቅደም ብዬ ገና በማለዳ በጭቃው ወጣሁ። ደቻሳንና ገበሬዎቹን ከደብሩ አጥር ውጪ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመው አገኘኋቸው። ሰላምታውን ሳልጨርስ ነገርኳቸው። በኦሮምኛ ነው የነገርኳቸው፣ አንድም የሚሸሸግበት ቃል እንዳይኖረኝ። ፍላሹን የሰካሁት እኔ ነኝ፣ እሺ ያልኩትም እኔ ነኝ፣ መብራት ሄደ ብዬ የዋሸሁትም እኔ ነኝ አልኳቸው። የማሞን ስም አላነሣሁም። ዘጠኝ ደብተር መጥፋቱን፣ የደቻሳም አብሮ መጥፋቱን ነገርኳቸው።

ያ መጤ ያላት ጎልማሳ አንገቱን ደፋ። ደቻሳ ግን ቀና ብሎ ያየኝ ነበር፤ ስልሳ ዓመት እንደሚያውቀኝ ሰው።

«ለሷ ነግረሃታል?» አለኝ።

«አውቃለች።»

«ታውቅ እንደሆነ አልጠየቅኩህም።»

«አልነገርኳትም።»

«ሂድና ንገራት። እኛ እዚሁ እንጠብቅሃለን።»

ተመለስኩ። ቁልቁለቱን በጭቃው ሁለት ጊዜ ወደቅኩ። ዘይነባ በሩን ከፍታ፣ የፖስታውን ቦርሳ በትከሻዋ አንግታ፣ በተሰበረው መስታወት በኩል የገባውን ውኃ ስትጠርግ ደረስኩ። መጥረጊያውን እስክታስቀምጥ አልጠበቅኩም፤ «የሰካሁት እኔ ነኝ» አልኳት።